ተጠንቀቁ! ስድስት ክንፍ ያለው የፋሲካ ዶሮ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

በቲክቶክ የበዓል ዶሮ ወጥ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ኮፍያ፣ ጥቁር ጓንት፣ ከኋላ የሰርግ ዘፈን። ከዚያ ከተከታታይ ድራማ የምናውቃት ተዋናይት ብቅ ትልና አንድ ጉርሻ ጎርሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። «የእናቴን እጅ አስታወሰኝ» ትላለች። በሁዳዴ መሀል! 55ቱን ቀን ሳትጨርስ የቀመሰችውን እሷ ትወቀው።

የፋሲካውን ፓኬጅ አዘዝኩ። 12 ብልት፣ 12 እንቁላል፣ «ንጹህ የሸኖ ቅቤ»፣ አሙቆ መብላት ብቻ። 4,800 ብር፣ ሙሉው ቅድሚያ በቴሌብር። ቀዳም ስዑር ጠዋት ይደርሳል ያሉት ማታ 2 ሰዓት መጣ። በዚያ ሰዓት የት ተኬዶ ዶሮ ይገዛል? ይህን እነሱም አሳምረው ያውቃሉ። ክዳኑ ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፈዋል፦ «እንዳያማስሉት፣ ብልቱ ይፈርሳል»። እኛም አላማሰልነውም።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለመፈሰክ ተቀመጥን። ወጡን የሚያወጡት አማቴ እቴቴ ናቸው። ጭልፋውን ሰደዱ፤ ክንፍ ወጣ። ደግመው ሰደዱ፤ ክንፍ። አሁንም ክንፍ። ልጆቹ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ስድስተኛው ሲወጣ እቴቴ ጭልፋውን አስቀምጠው አማተቡ።

«ልጄ፣ ስድስት ክንፍ ያለው ሱራፌል ነው። እሱን ደግሞ አይበሉትም።»

የቀረው ሦስት አንገትና ሦስት ጀርባ ነው። ቅልጥም የለ፣ ፈረሰኛ የለ። ፈረሰኛውን ሲጠብቅ ያነጋው ባሌ አንገት ደረሰው። በገዛ ቤቱ፣ በእናቱ ፊት!

ሲነጋ ደወልኩ። አንድ ልጅ አነሳው፤ ከኋላው ሳቅ ይሰማል።

«እህት፣ 12 ብልት አልን እንጂ የአንድ ዶሮ ነው አልን እንዴ?»

«ፈረሰኛውስ?»

«እሱንማ ሆቴሎች ይወስዱታል። አሁንም ፈረሰኛ የሚቆጥር ሰው አለ? ኧረ ፋራ አትሁኚ!»

ዘጋው። መልሼ ብሞክር ብሎክ አድርጎኛል። ብሩም ያንገበግባል፣ ያቺ «ፋራ» ግን አልወጣልኝም። ዶሮ በ12 የሚገነጠለው ለቤተሰቡ ሁሉ እንደየክብሩ እንዲደርስ ነው፤ ፈረሰኛው ደግሞ የአባወራው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዶሮ ወጥ ምን ሊሸጥ ገባ?

መረቁንም አልነገርኳችሁም። ሽንኩርት በፋኖስ ብትፈልጉ አታገኙም፣ የቲማቲም ድልህ ነው። «የሸኖ ቅቤው» ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ እንኳ አልረጋም። ቅቤን ከሙዝ ጋር እያሹ የሚሸጡ ሲያዙ በዜና ሰምተናል፤ የእኔው ሙዙንም ተሰስቷል፣ ዘይት ብቻ ነው።

ለማንኛውም፣ ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትላኩ። ያመጣው ልጅ ሳይሄድ ክዳኑን ክፈቱና አማስሉት፤ ብልቱ ቢፈርስ ይፍረስ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያቺኑ ተዋናይት ይዘው ለዳግማ ትንሣኤ «ልዩ ቅናሽ» ማስታወቅ ጀምረዋል።