የአውቶካድ ዩሲኤስ እና ፕላን፦ ሥዕሉን ሳይነኩ እይታውን ማዞር

ከአዳማ የይዞታ ካርታ ላይ የማዕዘን ነጥቦቹን አውቶካድ (የንድፍ ፕሮግራም) ውስጥ ሲያስገቡ ቦታው ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ነው። በዩቲኤም የካርታ ልኬት ዞን 37 ላይ፣ ኢስቲንጉ (የምሥራቅ ልኬቱ) 530 ሺህ፣ ኖርዚንጉ (የሰሜን ልኬቱ) 944 ሺህ ሜትር አካባቢ፣ በ27 ወይም በ40 ዲግሪ ያጋደለ አራት ማዕዘን ይመጣል። ኦርቶ (መስመርን በአግድምና በቁም ብቻ የሚያስኬደው) ቢበራም ከጎኑ ጋር አይሄድም። ብዙ ነዳፊ ያኔ ሮቴት (ሥዕሉን ራሱን የሚያዞረው ትዕዛዝ) ላይ ይቸኩላል፤ ጉዱም ከዚያ ይጀምራል። 20 ሜትር ጎን ያለውን ቦታ አንዱን ማዕዘን ይዞ 27 ዲግሪ ያዞረ ሰው፣ የጎኑን ሌላ ጫፍ ከ9 ሜትር በላይ አንቀሳቅሶታል። ቀያሹ ያንን ወደ ቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያው) ከጫነው ኮለኑ (ምሰሶው) ጎረቤት ግቢ ቢያርፍ አይገርምም።

ፕሮግራሙ ለዚህ ያለው መልስ ዩሲኤስን (ተጠቃሚው ራሱ የሚያስቀምጠውን የኮኦርዲኔት ሥርዓት) ከፕላን (እይታውን ከዚያ ሥርዓት ጋር ከሚያስተካክለው ትዕዛዝ) ጋር መጠቀም ነው፤ ከአማራጮቹ ሁሉ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ዩሲኤስ ጽፈው ኢንተር ይበሉ፤ የቦታውን የፊት ግራ ማዕዘን በኢንድፖይንት (የመስመር ጫፍ በሚይዘው ስናፕ) ይንኩ፣ ቀጥሎ የዚያኑ ጎን ቀኝ ማዕዘን፣ ከዚያ ኢንተር። ፕላን ብለው ሁለቴ ኢንተር ሲመቱ ቦታው ስክሪኑ ላይ ቀጥ ይላል። ኮኦርዲኔቱ ግን ንክች አላለም። ቀኙን ማዕዘን አስቀድመው ከነኩ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይመጣል፤ አይደናገጡ፣ በቅደም ተከተሉ ይድገሙት። ለመመለስ ዩሲኤስ ብለው ሁለቴ ኢንተር፣ ከዚያ ፕላን እና ደብልዩ (ወርልድ፣ የፋይሉ ዋና የኮኦርዲኔት ሥርዓት)።

ዋናው ወጥመድ ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች የሰርቬይ ፋይል ነጥቦች ያንን ቁጥር በዜድ ላይ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ማዕዘን ከሌላው ግማሽ ሜትር ቢበልጥ ዩሲኤሱ አብሮ ያጋድላል፤ ከዚያ በኋላ ኦፍሴት (ትይዩ መስመር የሚያወጣው ትዕዛዝ) እምቢ ሲል ጥፋቱ የኦፍሴት ይመስላል። ነጥቦቹን ከመንካትዎ በፊት ኦስናፕዜድ የተባለውን ቅንብር 1 ያድርጉት፤ የነጥቦቹን ዜድ ችላ ያሰኛል።

ዲቪው በሚባለው የእይታ ትዕዛዝ ውስጥ ያለው ትዊስትም እይታውን ያዞራል፤ 27 ዲግሪ ያጋደለውን ለማቅናት የሚጻፈው ግን ነጋቲቭ 27 ነው። ዩሲኤሱን ስለማይነካ ክሮስሄሩ (የመስቀል ጠቋሚው) ተጋድሞ ይቀራል። ለማንበብ ያህል ይሆናል፣ ለመሣል አይመችም። ስናፕአንግ የተባለው ቅንብር በተቃራኒው ክሮስሄሩን ብቻ ያዞራል። ዩሲኤስፎሎውን 1 ማድረግ ፕላንን በራሱ ይጠራል፤ ዩሲኤስ በተቀየረ ቁጥር ዙሙ ስለሚበላሽ ግን 0 ላይ ቢቀር ይሻላል።

ሌይአውት (የህትመት ገጹ) ላይ መሣሪያው ያናድዳል። ቪውፖርት (ሥዕሉ በገጹ ላይ የሚታይበት መስኮት) ውስጥ ገብተው ፕላን ሲሉ ስኬሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ 1:100ውን እንደገና ሰጥተው ወዲያው ሎክ ማድረግ ግድ ነው። ቪፒሮቴትአሶክ የተባለው ቅንብር 1 ሆኖ ቪውፖርቱን በሮቴት ማዞርም ይቻላል፣ ፍሬሙ ግን አብሮ ይጋደማል። ሬቪት የተባለው ሌላው የንድፍ ፕሮግራም ፕሮጀክት ኖርዝ እና ትሩ ኖርዝ ብሎ ሁለት ሰሜን በመለየቱ እዚህ ላይ ይበልጠዋል።

ሺፍት ተይዞ የማውሱ ጎማ ሲጫን እይታው ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ሳያስቡት የሚደርሰው ይህ ነው፣ ፕላን እና ደብልዩ ያስተካክለዋል። ኤክስሬፍ (ከውጭ የሚያያዝ ፋይል) ሲያያዝ ደግሞ ዩሲኤሱ ወርልድ ካልሆነ ፋይሉ ከነመጋደሉ ይገባል።

ፋይሉን ለቀያሽ ከመላክዎ በፊት አይዲ (የነጥብ ኮኦርዲኔት የሚያነበው ትዕዛዝ) ብለው አንድ ማዕዘን ይንኩ። 530 ሺህ እና 944 ሺህ አካባቢ ካነበበ ይላኩት፤ 0 ወይም 20 ካለ ገና ወደ ወርልድ አልተመለሱም።