የቤንዚን ሳር ማጨጃዬ ከአንድ ዓመት በኋላ፦ ማሽኑን አልወቅስም፣ የሸጠልኝን ልጅ ግን እወቅሳለሁ

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ከጋራዥ አወጣሁት፣ ዘይቱን አየሁ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ምንም የለም። ደገምኩ። ትከሻዬ እስኪዝል ሃያ ጊዜ ሳልስበው አልቀረሁም፣ ትንፍሽ አላለም። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ አጭጄበት በደህና ነው ያስቀመጥኩት፣ አልወደቀ፣ ዝናብ አልነካው፣ ዝም ብሎ አምስት ወር ምናምን ቆሞ ነው የከረመው። ለፋሲካ ደሞ እንግዳ ጠርቻለሁ፣ ሳሩ የኤፕሪልን ዝናብ ጠጥቶ ከቁርጭምጭሚት አልፏል፣ እኛ ያለንበት የሜሪላንዱ ሞንጎምሪ ካውንቲ ደሞ ከ12 ኢንች ካለፈ ዝም አይልህም።

አምና ኤፕሪል አዲሱን በ340 ዶላር ነው የገዛሁት፣ እየገፉ የሚያጭዱበት ባለ 21 ኢንች። አጨዳው ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ የምለው የለኝም።

ጥገና ቤት ደወልኩ፣ ለማየት ብቻ 90 ዶላር፣ ወረፋው ሶስት ሳምንት። ዋራንቲው ጋ ደወልኩ፣ ልጅቷ "ቤንዚን ውስጡ ትተህበት ነበር?" አለችኝ፣ አዎ ስላት "አሮጌ ቤንዚን ያመጣውን ችግር ዋራንቲው አይሸፍንም" ብላ ዘጋችው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። የሸጠልኝ ልጅ እኮ ተጨማሪ ዋራንቲ ግዛ እያለ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲለምነኝ ነበር፣ ከዛ ሁሉ ወሬ መሃል "ከዊንተር በፊት ቤንዚኑን ጨርስበት" የምትለዋ አንዲት ቃል እንዴት ትጠፋለች? ማንዋሉ ላይ ተጽፏል ትለኝ ይሆናል። አዎ ተጽፏል፣ ኋላ ፈልጌ አገኘሁት፣ አንተ ግን ፊት ለፊቴ ቆመህ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ሳር በማጭድ ሲታጨድ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ግማሽ ዓመት ስለሚቆም ሞተር ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ የምንቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 ፐርሰንት ኢታኖል (አልኮል ነው) አለበት፣ ኢታኖል ደሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ቤንዚኑም ለወራት ሲቆም ቀላል ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይይዛል። መኪናህ ላይ አታየውም ምክንያቱም በየሳምንቱ አቃጥለህ ትቀዳለህ፣ ማጨጃው ላይ ግን ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ካርቡራቶር ውስጥ ተቀምጦ ይደርቃል።

ራሴ ልፍታው አልኩ። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ አወጣሁት፣ ደህና ነው ግን ደረቅ ነው፣ ያን ሁሉ ስቤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው። መልሼ ገጠምኩና በአየር መግቢያው የካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ ትንሽ ነፍቼ ሳብኩት፣ ሁለት ሰከንድ ጮሆ ጠፋ። ያቺ ሁለት ሰከንድ እንዴት እንዳስደሰተችኝ! ሞተሩ ደህና ነው፣ የተዘጋው የቤንዚኑ መንገድ ነው።

የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ (ይሄን ሳታደርጉ ምላጩ አካባቢ እጃችሁን እንዳትሰዱ)፣ አሮጌውን ቤንዚን ከታንከሩ ቀድቼ አወጣሁት፣ ሽታው ቤንዚን አይደለም፣ የቆየ ቀለም ነው። ከካርቡራቶሩ ስር የቡና ሲኒ የምታክል ሳህን አለች፣ በ10 ቁልፍ ፈታኋት፣ ታችዋ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄትና ማር የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተጋግሯል። መሃል ላይ ያለችውን፣ ቤንዚን በቀዳዳዋ የሚያልፍባትን ትንሽዬ የናስ ብሎን በካቻቪቴ አውጥቼ ወደ መስኮቱ አነሳኋት፣ ጨለማ። ከአሮጌ ቻርጀር ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘዝኩና ቀስ እያልኩ ሰደድኩባት፣ ስፕሬይ ነፋሁ፣ ደግሜ ሰደድኩ፣ ከዛ የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን ታየችኝ። ማሽኑን ሙሉ ያስቆመችው ያቺ ቀዳዳ ናት። በወፍራም ሽቦ እንዳትጎረጉሩት፣ ከሰፋች ቤንዚን ይበዛበታል።

ገጠምኩት፣ ትኩስ ቤንዚን ጨመርኩ፣ ሶስተኛው ላይ ተነሳ! ትንሽ አጨሰና ድምፁ ጥርት አለ፣ ልጄ ከመስኮት ሆና አጨበጨበችልኝ። ያወጣሁት የ9 ዶላር ስፕሬይና አንድ ከሰዓት ብቻ ነው።

ወንድሜ በባትሪ የሚሰራውን ማጨጃ ግዛና ተገላገል ይለኛል፣ ካውንቲው ከጁላይ 2025 ጀምሮ በቤንዚን የሚሰራ ቅጠል መንፊያ ስለከለከለ ነገ ማጨጃውም አይቀርለትም ባይ ነው። ይሁን፣ እስከዛው ግን ይሄንን አልሸጠውም፣ የባትሪው ሲሞት ምኑን ልፈታው ነው?

ፋብሪካው ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፣ ታንከሩና ካርቡራቶሩ መሃል የቤንዚን መዝጊያ አልገጠመበትም። ቢኖር ኖሮ ዘግተህ ራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት ነው፣ ካርቡራቶሩ ባዶውን ይከርም ነበር። ለሱ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ፣ አራት ሰጥቼዋለሁ። ዘንድሮ ሴፕቴምበር ላይ ኢታኖል የሌለበትን ቤንዚን እገዛለታለሁ፣ ኦክቶበር ላይ ታንከሩን አራግፌ የቀረውን እዛው ግቢ ውስጥ አስጨርሰዋለሁ።

አንተ የሸጥክልኝ ልጅ፣ ዋራንቲ ግዛ እያልክ መለመንህን ቀጥል፣ እሱ ስራህ ነው። ግን ሰውየው ማሽኑን እየገፋ ወደ መኪናው ሲሄድ ተከተለውና የቤንዚኑን ነገር ንገረው።