የአርቧ ሩብ ወረቀት፦ ለ3ኛ ክፍል መምህርታችን ምስጋና፣ ለጅማ ወላጆችና መምህራን ጥቆማ

ሰላም ለጅማ ወላጆች። ይህን የምንጽፈው ልጆቻችንን 3ኛ ክፍል የሚያስተምሩልንን የክፍል ኃላፊ መምህርት እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን ለማለት ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ የእሳቸውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አንጠቅስም። አሠራራቸውን ግን እንዳለ እናስቀምጠዋለን፤ ከሰኞ ጀምሮ ማንም መምህር ሊሞክረው ይችላል፣ ወላጅም ለልጁ መምህር ሊያሳየው ይችላል።

ነገሩ ቀላል ነው። አርብ አርብ እያንዳንዱ ልጅ የኤፎር ወረቀት ሩብ የምታህል ጽሑፍ ኮሚኒኬሽን ደብተሩ ላይ በኮላ ተለጥፋለት ይመጣል። ፊቷ አማርኛ፣ ጀርባዋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የምትለጠፈውም በአንድ ጠርዟ ብቻ ነው፣ ገልብጦ ለማንበብ። አራት ነገር ትይዛለች፤ በሳምንቱ የተማሩትን፣ ልጆቹ የተሰናከሉበትን ቦታ፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር አንድ ነገር፣ ልጁ የሚጠየቀውን አንድ ጥያቄ። ከታች «ሠራን»፣ «አልሠራንም»፣ «ከበደን» የሚል በመቀስ የሚቆረጥ ጠርዝ አላት። ወላጅ አንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ሰኞ ይመልሳል። በቃ። 52 ልጅ ላለበት ክፍል በሳምንት 13 ወረቀት ይበቃል፤ ባለ 500 አንድ ደስጣ የትምህርት ዓመቱን ያዳርሳል ማለት ነው።

ኮሚኒኬሽን ደብተር የትም አለ ትሉን ይሆናል። አለ፣ ችግሩ የሚጻፍበት ነገር ነው። «ሒሳብ ከ1 እስከ 10 ይሥራ»፣ «ይረብሻል»፣ «ክትትል ይደረግለት»። ክትትል ስንል በቀን ስንት ደቂቃ፣ በምን፣ እንዴት? ወላጅ ስለማያውቀው ይፈርምና ያልፈዋል። እሑድ ማታ የአምስት ቀን ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ ይደረደራል፤ አንዳንድ ቤት ታላቅ እህት ትፈርማለች፤ ልጁም የአባቱን ፊርማ ማስመሰል ይለምዳል። መምህርታችን ፊርማውን በምልክት የተኩት ለዚህ ነው። «አልሠራንም» ብሎ ለመለሰ ቤት ቁጣ የለም፣ ማርክም አይነካም። ቅጣት ቢኖረው ኖሮ ሁሉም «ሠራን» ብሎ ይመልስ ነበር። «ከበደን» የበዛ እንደሆነ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ትምህርት መድገሚያ ይሆናል።

አንዷን ወረቀት ቀረብ ብለን እንያት። የሳምንቱ ትምህርት መቀነስ ነበር፤ የተሰናከሉበት ደግሞ 52 ሲቀነስ 27። ብዙ ልጅ 35 ይላል። ስንፍና አይደለም፤ ከላይ 2፣ ከታች 7 ሲያይ ከ2 ላይ 7 እንደማይነሣ ያውቃል፣ ስለዚህ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ያነሣና 5 ይጽፋል። ከዚያ ከ5 ላይ 2፣ 3። እኛ ስንማር «ከጎረቤት ተበደር» ነበር የምንባለው። ወረቀቷ ላይ ግን «ብድር አትበሉት፣ ዝርዝር በሉት» ተብሎ ተጽፏል። ልጅ ብድር እንደሚመለስ ያውቃላ! ተበድሮ ሳይመልስ መቅረቱ ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱ ልጅ መጨረሻ ላይ የተበደረውን 1 ከየትም አምጥቶ ሲመልስ ይታያል። ዝርዝር ግን ሱቅ የተላከ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ብሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጨመረም፣ አልጎደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ባለ 10 ብር ኖትና ሁለት የ1 ብር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና «27 ብር ስጠኝ» በሉት። ሁለት ባለ አሥር ይሰጣችኋል። 7 ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል፤ ያለው ሁለት ሳንቲም ነው። እዚህ ላይ ዝም በሉ። ከባዱ ሥራ ይህ ዝምታ ነው፤ አዋቂ ቶሎ ይቸኩላል። ልጁ «ይዘርዘርልኝ» ሲል አንዱን ባለ አሥር ተቀብላችሁ አሥር ባለ 1 ብር ስጡት። አሁን 12 ሳንቲም አለው፣ 7 ሲሰጥ 5 ይቀራል፤ ከኖቱም አንዱ ተዘርዝሮ ሁለቱ ተሰጥተው 2 ቀርቷል። 25። ወዲያው ያንኑ ደብተር ላይ ያውርደው፤ 5ቱ ተሰርዞ 4፣ 2ቱ ተሰርዞ 12። ብዙ ቤት የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ሳንቲሙና ቁጥሩ ጎን ለጎን ካልሄዱ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ጎበዝ፣ ደብተሩ ላይ ያው 35 ይሆናል። ዝርዝር ከጠፋ (ባጃጅ የሚሳፈር ሁሉ ያውቀዋል) የክብሪት እንጨት እንደ አሥር፣ የቡና ፍሬ እንደ አንድ ይቆጠር። ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለ ግን ፍሬውን ከወለል ሰብስቡ፤ አፍንጫው ውስጥ ሊከተው ይችላል።

ቁጥሮቹ ከፍ ሲሉ ወረቀቷ ያንኑ ትምህርት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን አወጣችው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዙ፤ ስንት ዓመት ነው? ገልብጦ የሚቀንስ ልጅ 146 ያመጣል። ወላጅ «ተሳስተሃል» እንዲል አልተጻፈም፤ «አንድ ሰው 146 ዓመት ይነግሣል?» ብላችሁ ጠይቁት ነው የሚለው። ልጁ ይስቃል፤ ከዚያ ስህተቱን ራሱ ሊፈልግ ይመለሳል። መልሱ 54 ነው። ቅዳሜ የተመቸው ልጁን ይዞ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ወጥቶ የእንጨት ሥራውን ያሳያል፤ ያልተመቸው ከደጁ ሆኖ ኮረብታውን ያሳያል። ወረቀቷ የግድ አትልም።

ንባብ ላይ የሚጽፉት ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። በቀን 10 ደቂቃ ነው የሚሉት። አዋቂው አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ልጁ በጣቱ ይከተላል፤ ቀጥሎ አብረው ያነቡታል፤ ቀጥሎ ልጁ ብቻውን። ሲሳሳት በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ እንጂ አትዝለሉበት። ምክንያቱም የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ ከፊደሉ አይታወቅም፤ «አለ»ም፣ «ዋና»ም እንደዚሁ። ልጁ አላልቶ አንብቦ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ ተመልሶ ካጠበቀው፣ የሚያነበው እየገባው ነው ማለት ነው። በየመሀሉ ካቋረጣችሁት መመለሱን ይተወዋል። በቁቤ ደግሞ የሚጠብቀው ፊደል ባብዛኛው ተደግሞ ይጻፋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም የሚማር ልጅ አፋን ኦሮሞውን ቀጥ አድርጎ እያነበበ አማርኛው ላይ ቢንተፋተፍ አትደንግጡ።

ሌላም አለ። ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በዜማ የሚያወርድ ልጅ ፊደል ለየ ማለት አይደለም፤ ዜማውን ነው የያዘው። ካርቶን ወስዳችሁ መሀሉን በአንድ ፊደል ልክ ቅደዱት፣ የፊደል ገበታው ላይ እያዟዟራችሁ ከየቦታው ጠይቁት። ካዕብና ሣልስ ላይ ብዙም አይቸገርም፣ ቅጥያቸው ባብዛኛው ከጎን ነው። ሳድስ ላይ ግን ል፣ ር፣ ት፣ ን እያለ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ስለሚሄድ ይደነቃቀፋል፤ ሳብዕም እንዲሁ። የሳተውን ፊደል ብቻ በየቀኑ ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ ያዙ፤ ከ«ሀ» አታስጀምሩት።

ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አያት የሚያሳድጉት ልጅም አልተረሳም። ልጁ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉታል። ያነበበውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር የምታደርገው ይህቺው «ከዚያስ» ናት። መጽሐፍ የለንም ማለትም አያዋጣም፤ የዘይት ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል፣ ከባጃጅ ጀርባ ያለው ጥቅስም ይነበባል፣ ሁሉም ለልጅ የሚሆን ባይሆንም።

«ከልጃችሁ ጋር ጊዜ አሳልፉ» ሲባል ብዙ ሰው ይሸማቀቃል። ሥራ አለ፣ ድካም አለ። የመምህርታችን ብልሃት አዲስ ሰዓት አለመጠየቃቸው ነው። ጅማ ቡና ሳይፈላ አይመሽም፤ ከቁሌቱ እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ልጁ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ወይም የእናቱ ስልክ ላይ ተተክሎ ይቆያል። እናም ስልኩ፣ የአዋቂውም ጭምር፣ ረከቦቱ አጠገብ ተደፍቶ ይቀመጥ ይላሉ። ልጁ ሲኒ ይቁጠር። 7 ሲኒ፣ በየሲኒው 2 ማንኪያ ስኳር፣ ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ በድምሩ ስንት ማንኪያ? 42። አያትዬ ያለ ስኳር ከጠጡስ? 36። ይህን የብዜት ሰንጠረዥ ሳያይ የሚመልስ ልጅ ፈተና አያስፈራውም። አቦሉና ቶናው መሀል እንቆቅልሽ ይገባል፤ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»። መመለስ ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ልጁ «ጅማን አልሰጥም፣ አጋሮን ውሰዱ» ካለ የአካባቢ ሳይንሱንም ይዞታል። ከሰሉንና ጀበናውን ግን ለልጅ አትስጡ።

ቴሌግራሙም ላይ ሥርዓት አለ። ድሮ ግሩፕ ነበር፤ መልካም ጁምዓው፣ መልካም ሰንበቱ፣ ስቲከሩ፣ የሽልማት ሊንኩ ሲደራረብ የቤት ሥራው ይቀበር ነበር። አሁን ቻናል ስለሆነ የሚለጥፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አርብ ማታ ወረቀቷን ራሷን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ድምጽ በሁለቱም ቋንቋ ይልካሉ፤ ማንበብ ለማይመቸውም፣ መኪና ለሚነዳውም። የልጅ ማርክና ፎቶ እዚያ አይወጣም። ልጁ ሰሌዳውን ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ወይም ደብተሩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ ከሆነ ለወላጁ ብቻ ይደውላሉ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ስላለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ብዙ ወላጅ ወደ ጎማ፣ ወደ ማናና ወደ ሊሙ ይወጣል። ያን ጊዜ ወረቀቷ ታጥራለች፤ በስልክ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄና ልጁ ለአባቱ በስልክ የሚያነበው አምስት ዓረፍተ ነገር። መስከረምና ሰኔ ላይ ደግሞ ጠላታችን ዝናብ ነው። ምልክቱን በቢክ አድርጉት፤ የጄል እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ይፈሳል። ደብተሩን ላስቲክ አልብሱት።

ለመጀመር ለሚያስብ መምህር ሦስት ነገር እንጨምር። በየቀኑ ልላክ ብሎ የተነሣ ወር አይሞላም፣ ይደክማል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሦስት ሥራ የተጻፈባት ወረቀትም አንዱም ሳይሠራ ትመለሳለች፤ አንድ ይጻፍ፣ ያውም ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ገንዘብ የማያስወጣ። አፋን ኦሮሞውን ከአማርኛው ቃል በቃል አትገልብጡት፤ የክፍል ባልደረባ ይይላችሁ።

ወረቀቷን ፊትና ጀርባ ሳያዛንፍ አባዝቶ፣ ቆርጦ፣ በ52 ቆጥሮ የሚያስረክበንን የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅም እናመሰግናለን፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ አርብን አሳልፎብን አያውቅም። ናሙና የምትፈልጉ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፣ የሦስት ሳምንት ወረቀት ፎቶ እንልካለን።

ቲቸር፣ ኮላው አልቆ ባለፈው ሳምንት በስቴፕለር እንዳያያዙት አይተናል። ሰኞ ጠዋት አራት ኮላና አንድ ደስጣ ወረቀት ጥበቃው ጋር እናስቀምጥልዎታለን።