የለንደኑ ፖሊስ ወይስ የቺካጎው አስማተኛ? አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል አንባቢ

ጎንደር ውስጥ አዲስ የእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ሁለት ነው። ወይ በስልኩ ያነባል፣ ወይ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ሻንጣህ ውስጥ ቦታ አለ?» ብሎ ይደውላል። ሻንጣው ደግሞ ከአንድ መጽሐፍ በላይ አይተርፈውም። ታናሽ እህቴ ይህን ዕድል ያገኘች ጊዜ «ወንጀል ምርመራም፣ አስማትም፣ ሳቅም ያለበት ተከታታይ ምረጥልኝ» አለችኝ። እንዲህ ያሉ ሁለት ተከታታዮች አንብቤ ስለነበር አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከርን።

አንደኛው የእንግሊዛዊው የቤን አሮኖቪች «ሪቨርስ ኦፍ ለንደን» ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ2011 ወጣ፤ በ2025 ከታተመው ጋር ረጃጅሞቹ ልቦለዶች 10 ሆነዋል። ሁለተኛው የአሜሪካዊው የጂም ቡቸር «ድሬስደን ፋይልስ» ነው። በ2000 ተጀምሮ እስከ 2020 ድረስ 17 ቅጽ ወጥቶለታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መልሴን ሳላቆይ ልናገር፦ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ የለንደኑን ይግዙ።

ፒተር ግራንት ጀማሪ ፖሊስ ነው። እናቱ ከሴራሊዮን የመጣች የጽዳት ሠራተኛ፣ አባቱ የጃዝ ሙዚቀኛ ናቸው። በጥር ብርድ፣ ኮቨንት ጋርደን ከሚባለው ሰፈር፣ ግድያ የተፈጸመበትን ቦታ ሲጠብቅ የዓይን ምስክር ይመጣለታል። ምስክሩ ግን ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ሰው ነው። ፒተር አይጮህም፣ አይሮጥም፤ ፖሊስ ነውና ቃል መቀበል ይጀምራል። የተከታታዩ ሳቅ ከዚህች ቦታ ይፈልቃል። ጉድ በመጣ ቁጥር ፒተር ደንቡን፣ የሚሞላውን የፖሊስ ቅጽ፣ የአለቃውን ፊት ያስባል። ቀልዱ በተረጋጋ ድምፅ ስለሚነገር ገጹን ካለፉ በኋላ ነው ሳቁ የሚመጣው።

ፒተርን የአስማት ተማሪው ያደረገው አለቃው ናይቲንጌል በ1900 የተወለደ ሆኖ ሳለ የአርባ ዓመት ሰው ይመስላል። አስማቱን የሚያስተምረው በላቲን ቃላት ነው። ፒተር በመዳፉ ላይ ትንሽ ብርሃን ለማብራት ሳምንታት ይለፋል፤ ይደግማል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይደግማል። የጎንደርን አቋቋም ከመሪጌታ ፊት ቆሞ የተማረ ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ የራሱን የተማሪነት ዘመን ያያል። አስማት በዚህ መጽሐፍ ስጦታ ሳይሆን ትምህርት ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝም ይህ ነው።

ወንዞቹስ? በአሮኖቪች ለንደን እያንዳንዱ ወንዝ ባለቤት አለው። በ1858 ቴምዝ ገምቶ ከተማይቱን ባስጨነቀ ጊዜ የወንዙ አሮጌ ጌታ ወደ ወንዙ ላይኛ ክፍል ሸሽቶ አልተመለሰም። ባዶውን ዙፋን የያዘችው ከናይጄሪያ ለነርስነት የመጣች ሴት ናት፤ ዛሬ ማማ ቴምዝ ይሏታል። ፒተር ቤቷ ሲገባ ምግብና መጠጥ ይቀርብለታል፤ ነገር ግን ያለ ግዴታ መሆኑ ሳይነገረው አንዲት ጉንጭ ቢቀምስ የእርሷ ባለዕዳ ይሆናል። እህቴ እዚህ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን አጠፈችና «እንግዲህ እኛ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ተይዟል ማለት ነው» አለች። «ብሉልኝ፣ በሞቴ» እየተባለ ባደገ ሰው ዘንድ ያ ትዕይንት እጅግ ያስጨንቃል። እንቢ ማለት ነውር፣ እሺ ማለት ባርነት።

አያቴ በቀትር ወንዝ እንዳንወርድ ትከለክለን ነበር፤ ውሃው ባለቤት አለው ትል ነበር። ጎንደር በቀሃና በአንገረብ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። በጥምቀት የምንረጭበት የፋሲል መዋኛ ውሃው ከቀሃ ይመጣል። ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እዚሁ ጎንደር ለወራት ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት መዝግቧል። ስለ ቆሌና ስለ ውቃቢ እየሰማ ያደገ አንባቢ የለንደንን ወንዞች እንደ እንግዳ አይቆጥራቸውም።

ወደ ቺካጎው ልለፍ። ሃሪ ድሬስደን የግል መርማሪ ነው፤ በስልክ ማውጫ ላይ አስማተኛ ተብሎ የተመዘገበ። ማስታወቂያው ላይ መስተፋቅር እንደማይሠራ በግልጽ አስፍሯል፤ እዚህ አገር ቢሆን ግማሽ ደንበኛው በዚህ ብቻ ይቀርበት ነበር። የቤት ኪራይ ውዝፍ አለበት፣ አሮጌ ቮልስዋገኑ እየተጠገነ ቀለሙ ተዘበራርቋል፣ አማካሪው ደግሞ በራስ ቅል ውስጥ የሚኖር፣ የፍቅር ልቦለድ የሚወድ መንፈስ ነው። ሃሪ የሚቀልደው ሲመታ ነው፤ በደማ ቁጥር ምላሱ ይሳላል። ፍጥነቱ የሚገርም ነው። የምዕራፉን መጨረሻ አይቶ መጽሐፉን ማስቀመጥ ይከብዳል፤ በዚህ በኩል የለንደኑ አይወዳደረውም።

ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ደካማ ናቸው። ሴት ገጸ ባሕርይ በገባች ቁጥር ሃሪ መጀመሪያ የሚያየው ቁመናዋን ነው፤ ይህም ይደጋገማል። እህቴ ከዚህ የተነሣ ሃያኛው ገጽ ላይ ፊቷን አጨማደደች፤ አልፈረድኩባትም። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቅጽ ወዲህ ታሪኩ ይበረታል፣ ነገር ግን እዚያ ለመድረስ ሁለት መጽሐፍ መታገስ አንድ መጽሐፍ ብቻ ለሚገዛ ሰው ከባድ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት አንድ ነገር ይበቃል። በሁለቱም ዓለም አስማት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያበላሻል። ሃሪ ይህን እንደ ዕጣው ተቀብሎ በሻማ ብርሃን ይኖራል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ መብራትና ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ለምናነብ ለእኛ ኑሮው ቅርብ ነው፣ ስለዚህም እናዝንለታለን። ፒተር ግን «ለምን?» ይላል። ካልኩሌተር ደርድሮ ይሞክራል፣ የተቃጠለውን ከፍቶ ያያል፣ በመጨረሻም ስልኩ ላይ ባትሪውን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይገጥምለታል። መከራን የሚችል ጀግና የሚወዱ ቺካጎን፣ የሚጠይቅ ጀግና የሚወዱ ለንደንን ይምረጡ።

የለንደኑም እንከን አለበት። የመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ለሕፃናት ፈጽሞ የማይሆን ጭካኔ አለ፤ ሽፋኑ ያማረ ካርታ ስለሆነ ለልጅ ስጦታ እንዳይገዙት። ፒተር ስለ ሕንፃ ማውራት ከጀመረም ዝም አይልም፤ እኔ ይህን ወድጄለታለሁ፣ ብዙዎች ግን ይዘልሉታል። እንግሊዝኛውም ይከብዳል፤ የፖሊስ ቋንቋና የለንደን ሰፈር አነጋገር ተደባልቆበታል። የቡቸር ዐረፍተ ነገር አጭርና ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ለሚያነብ ተማሪ እርሱ ይሻላል። ማዳመጥ ለሚመርጡ ሁለቱም በድምፅ አሉ፤ የለንደኑን ኮብና ሆልድብሩክ ስሚዝ፣ የቺካጎውን ጄምስ ማርስተርስ አንብበውታል። ኮብና ለእያንዳንዱ ሰው የየሰፈሩን አነጋገር ስለሚሰጠው ያ ከባድ እንግሊዝኛ በጆሮ ሲሰማ ይፈታል።

ለዘመድ ሲደውሉ አንድ ነገር ያስጠንቅቁ። የለንደኑ የመጀመሪያ ቅጽ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታተመው «ሚድናይት ራዮት» በሚል ርእስ ነው። መጽሐፉ ያው ነውና ሁለቱን አዳብለው እንዳይገዙ። ቅደም ተከተሉንም ይጠብቁ፤ የፒተርና የባልደረባው የሌስሊ ጉዳይ ከአንደኛው ቅጽ ተነሥቶ እስከ ሰባተኛው ይዘልቃል፣ ከመካከል የገባ ሰው ዋናውን ሐዘን ያጣዋል። የቺካጎውን የመረጡ ደግሞ ሦስተኛውን ቅጽ ሳያዩ ፍርድ አይስጡ።