የታንክ ሞዴል ቀለም በአዳማ የመኪና ቀለም ቤት ማስቀመም

የውጊያ ተሽከርካሪዎችን በ1፡35 ልኬት (ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሰን) ለምንሠራ ሰዎች ለሞዴል ተብሎ ከውጭ የሚመጣውን ቀለም ማግኘት ከግንባታው በላይ ያስቸግራል፤ ቢገኝም 10 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ጠርሙስ ለሁለተኛ ታንክ አትተርፍም። ስለዚህ በአዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለ አንድ የመኪና ቀለም ቤት በናሙና ቀምሞ መስጠቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ያስቀመምሁት በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከሶቭየት ኅብረት ለመጡት ቲ-55 ታንኮች የሚሆን አረንጓዴ ነው። በተለምዶ የወታደር አረንጓዴ ብንለውም ቢጫ የሚጫነው የወይራ ቀለም እንጂ ቅጠልያ አይደለም፤ ቀማሚውም ናሙናውን እንዳየ ይህን ተረድቷል። አረንጓዴ ጣሳ በመክፈት ፈንታ አፈር መሰል ቢጫ በዲጂታል ሚዛን ላይ ከመዘነ በኋላ ጥቁር በጠብታ እየጨመረ ማማሰል ጀመረ፤ ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ የደበዘዘ የወይራ አረንጓዴ ይወጣልና። አረንጓዴነቱ ሲበረታ ጥቂት ቀይ ጠብ አድርጎ አረገበው። ከሁሉ ያስደሰተኝ እርጥቡን ቀለም አይቶ አለመፍረዱ ነው፤ በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ቀብቶ እስኪደርቅ ከጠበቀ በኋላ ከናሙናው ጋር ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን አስተያየው። በሱቅ መብራት ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ደጅ ሲወጡ ሊለያዩ ስለሚችሉ ይህ ጥንቃቄ ቀላል አይደለም።

ደንበኛው ራሱ ማሳሰብ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከእውነተኛው ታንክ ጋር ፍጹም የሚመሳሰል ቀለም በትንሽ ሞዴል ላይ ጠቁሮ ስለሚታይ ትንሽ መፍካት ይኖርበታል። ቀማሚው መኪና ላይ እንደለመደው ነጭ ሊጨምር ነበር፤ ነጭ ግን አረንጓዴውን ኖራ የነካው ስለሚያስመስለው በእኔ እምነት ክሬም ቀለም ይሻላል፤ ስጠይቀውም ያለ ክርክር በክሬም አፈካልኝ።

የጀርመን ታንክ ለሚሠሩ፦ ጥቁር ግራጫው ራል 7021 ዛሬም በራል (በጀርመን የቀለም ቁጥር ሥርዓት) ካታሎግ ውስጥ ስላለ ቁጥሩን መንገር ይበቃል። ከ1943 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በግራጫው ቦታ የገባው ቢጫ፣ ራል 7028፣ ግን ዛሬ ከሚሠራበት ካታሎግ ስለወጣ ናሙና ይዞ መሄድ ግድ ይላል።

ጉድለቶቹ ሦስት ናቸው። ከሩብ ሊትር በታች አይቀምሙም፤ ይህም ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ ስለሆነ ከጓደኛ ጋር መካፈል ይሻላል። ቀለሙ ሲደርቅ ያብረቀርቃል፤ ታንክ ደግሞ ማት መሆን አለበትና አብረቅራቂነቱን የሚገድለውን ጭማሪ ካልጠየቁ አይጨምሩም። ከሁለቱ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ ቀለሙ የሚቀጥነው በናይትሮ ቲነር ሲሆን፣ ናይትሮ ደግሞ የሞዴል ፕላስቲክን ያቀልጣል። በእኔ ሞዴል ላይ ጉዳት ያልደረሰው አስቀድሜ የመሠረት ቀለም (ፕራይመር) ቀብቼ፣ ከዚያም በኮምፕሬሰር እንደ ጉም ስስ አድርጌ፣ አንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላውን ባለመድገሜ ነው። በብሩሽ ለሚቀቡ ይህን ቀለም ፈጽሞ አልመክርም።

የእያንዳንዱን ቀለም ክብደት በግራም ጽፈው በወረቀት ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ካልተሰጣችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ፣ ቀጣዩ ቅመማ ከመጀመሪያው ጋር የሚገጥመው በእሱ ነውና።