ኮስታሪካን ከልጆች ጋር፦ ጉዞውን ያቀደልን ድርጅት ምኑ ጥሩ ነበር፣ ምኑ ጎደለ?

የቤተሰብ ጉዞ የሚያቅድ ድርጅት ጎበዝ መሆን አለመሆኑን የማየው በሚያስቀረው ነገር ነው። ቦታ መደርደርማ ማንም ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው "ይሄ ይቅርባችሁ" ለማለት ግን ቦታውንም ልጅንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮስታሪካ የሄድነው ተፈጥሮንና ባህልን ያጣመረ የቤተሰብ ጉዞ ብቻ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት በኩል ነው። ስሙን ልተወው። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመግዛት እያሰበ ምን መጠየቅ እንዳለበት ግራ ለገባው ወላጅ ነው።

መጀመሪያ የላኩልን መጠይቅ ደስ አለኝ። ስለ በጀት ከማንሳታቸው በፊት ስለ ልጆቹ ጠየቁ። ትንሹን መኪና ውስጥ ያስመልሰዋል ወይ? ምን ያህል ከሄደ በኋላ ነው "ተሸከሙኝ" የሚለው? ጨለማ ይፈራሉ? አብረዋቸው የሚጓዙት ሁለቱም ወላጆች ናቸው ወይስ አንዱ? የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ዘግይቶ ነው የተቀላቀለን። ልጆችን ለብቻው ይዞ ድንበር የሚሻገር ወላጅ ደግሞ ከሌላው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። ደብዳቤውን በጊዜ አሠራነው። ከአንዳንድ አገሮች የሚነሳ መንገደኛ ኮስታሪካ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ እንደሚጠየቅ፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ እንዳለበት ገና ቲኬት ሳንቆርጥ ነገሩን። ወረቀት ላይ እንከን አላየሁባቸውም።

የእኛ ሐሳብ ሁለቱንም የባሕር ዳርቻ ማየት ነበር፤ የካሪቢያኑንም የፓስፊኩንም። ካርታ ላይ ሲያዩት ቅርብ ነው። አገሪቱ በሙሉ 51 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መሃሏ ግን ተራራ ነው፤ መንገዱ ይጠማዘዛል። ዕቅዱን ያወጣችልን ሴት በስልክ ስታስረዳን ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አላነሳችም። የምታወራው በሰዓት ብቻ ነበር። ይህን በጣም ወደድኩላት፤ ልጅ የሚደክመው በሰዓት ነውና።

በፓስፊክ ዳርቻ ያለውን ማኑኤል አንቶኒዮ ብሔራዊ ፓርክን አጥብቄ ፈልጌው ነበር። "ማክሰኞ ዝግ ነው፤ በዚህ አካሄድ ደግሞ የምትደርሱት ማክሰኞ ነው" አለችኝ። ቲኬቱም አስቀድሞ በኢንተርኔት ካልተገዛ በር ላይ አይገኝም። ቀጥላ ስለ ዝናቡ ነገረችኝ። ከሜይ እስከ ኖቬምበር የዝናብ ወቅት ነው። የካሪቢያን ዳርቻ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ፓስፊኩ በዝናብ ሲርስ እዚያ ቀለል ይላል። የልጆቹ እረፍት የወደቀው ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ስለነበር ፓስፊኩን ሙሉ በሙሉ አወጣችው። ባለቤቴ ትንሽ ተከራከረ። እኔ ግን እሺ አልኩ፤ አሁንም ትክክል ነበረች እላለሁ።

ከሁሉ የበለጠው በካሪቢያን ዳርቻ ያለው የቶርቱጌሮ መንደር ነው። ወደ መንደሩ የመኪና መንገድ የለም፤ የሚደረሰው በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። ጀልባው ላይ ለትንሹ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ተዘጋጅቶ ጠበቀን። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ድረስ እንቁላላቸውን ለመጣል እዚህ አሸዋ ላይ ይወጣሉ። አርቺ ካር የተባለው አሜሪካዊ የኤሊ ተመራማሪ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራውም እዚህ ነው። ያኔ ኤሊዎቹ ለሥጋቸው ሲሉ ይታደኑ ነበር። አሁን የመንደሩ ሰው እንግዳ እየመራ ያሳያቸዋል።

ማታ ባሕር ዳር መውጣት የሚቻለው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ልብስ ጠቆር ያለ መሆን አለበት። ስልክም ካሜራም አይፈቀድም፤ ነጭ ብርሃን ኤሊዋን ያስበረግጋታል። ይህንን ለልጆች በመጨረሻው ሰዓት መንገር ለቅሶ መጋበዝ ነው። ድርጅቱ ለልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ አስቀድሞ ልኮልን ነበር። በየምሽቱ እየደጋገምን አነበብንላቸው። ቀኑ ሲደርስ ትንሹ ራሱ ስልኬን ተቀብሎኝ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። በመርሐ ግብሩ ላይ ደግሞ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ እንቅልፍ። ለዚህ አንድ ቃል ብቻ እንኳ ገንዘቤን እከፍላለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስንወጣ ሁለቱም ንቁ ነበሩ።

ኤሊዋ ጉድጓዷን ቆፍራ እንቁላል መጣል እስክትጀምር ድረስ አይቀርቧትም። መጣል ከጀመረች በኋላ ግን ብዙም አትረበሽም። አስጎብኚው በቀይ መብራት ከኋላዋ አሳየን። አንድ ጉድጓድ ውስጥ 100 ገደማ እንቁላል ይገባል። ለመፈልፈል ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። የአሸዋው ሙቀት ጾታቸውን እንደሚወስን፣ ሞቅ ካለ ሴቶቹ እንደሚበዙ ሲነግረን የ11 ዓመት ልጄ "እና ዓለም ሁሉ ቢሞቅ ወንድ ላይኖር ነው?" ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ተመራማሪዎችንም የሚያሳስባቸው ይኸው እንደሆነ ነገራት፤ በልጅነቷ አላቃለላትም። እንዲህ ያለ ሰው መምረጥም የዕቅዱ አካል ነው።

ባህሉ ላይ ሥራቸው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ግሩም ነው። ታላማንካ ውስጥ፣ በፓናማ ድንበር አጠገብ፣ ዮርኪን የተባለ የብሪብሪ ሕዝብ መንደር አለ። ወንዙን በቀጭን ረጅም ጀልባ ሽቅብ ይዘን ሄድን። ብሪብሪዎች ጎሳ የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው። በሥርዓት ጊዜ የሚጠጣውን ካካዎ (ቸኮሌት ከሚሠራበት ፍሬ የሚዘጋጅ መጠጥ) የሚያዘጋጁትም ሴቶች ናቸው። ልጆቼ የተቆላውን ፍሬ ድንጋይ ላይ ፈጩ፣ ቀመሱ፣ ትንሹ መረረኝ ብሎ ፊቱን አጨማደደ፣ የመንደሩ ልጆች ሳቁበት፣ ከዚያ አብረው ወንዝ ወረዱ። ማንም ትርኢት አላሳየንም። ሰዎቹ ሥራቸው ላይ ነበሩ፣ እኛም ተቀላቀልናቸው። ክፍያውም በቀጥታ ለማኅበረሰቡ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው መልክ ሌላ ቀን ሆቴል ውስጥ ያስገቡልን "የባህል ምሽት" ነው። ተጨማሪ ክፍያ አለው። በድምጽ ማጉያ የሚጮህ ሙዚቃ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ፣ በእንግሊዝኛ የሚቀለድ አስተናባሪ። ልጆቹ ጠረጴዛው ላይ ተኙ። ዮርኪንን የመረጠ ሰው ይህንን እንዴት እንዳስገባው አልገባኝም። ቅር መሰኘቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ የምሽቱን ሒሳብ መልሰውልኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ከታላማንካ በአሬናል እሳተ ገሞራ ሥር ወዳለችው ላ ፎርቱና ከተማ የተጓዝንበት ቀን ነው። አገሪቱን ከጫፍ ወደ መሃል የሚያቋርጥ መንገድ ነው። በዕቅዱ ላይ የምሳ እረፍት እንኳ በግልጽ አልተያዘም። ጠዋት የመጣው መኪና ላይ የተገጠመው የልጅ መቀመጫ ደግሞ የሕፃን ነበር። የልጄን ዕድሜና ቁመት መጠይቁ ላይ ሞልቻለሁ። የኮስታሪካ ሕግ ለልጅ የሚመጥን መቀመጫ ያስገድዳል፤ ባያስገድድም ያለ መቀመጫ አልነሳም ነበር። ሌላ እስኪመጣ ጠበቅን። መንገድ ላይ ትንሹ ደጋግሞ አስመለሰ። መኪና እንደሚያስመልሰው ጠይቀውን፣ መልሳችንን ይዘው፣ እንዲህ ያለ ቀን ማውጣታቸው አሳዘነኝ። መሃል ላይ አንድ ሌሊት መታደር ነበረበት።

አሬናል ላይ ብዙ አልቆይም። እሳተ ገሞራው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ድንገት ፈንድቶ መንደሮችን ቀበረ፣ እስከ 2010 ድረስም ሲንቀሳቀስ ቆየ። አሁን ጸጥ ብሏል። ፍል ውሃው ልጆቹን ከመኪናው ድካም አወጣቸው። ከዚያ ተራራ ላይ ወዳለው ደናማው ሞንቴቬርዴ ስንሄድ የአሬናልን ሐይቅ በጀልባ ማቋረጣችን ጥሩ ምርጫ ነበር፤ መንገዱን ለሁለት ከፈለልን።

ሞንቴቬርዴ ላይ ሁሉም ሰው የሚሄደው በገመድ ላይ እየተንሸራተቱ ጫካውን ለማቋረጥ ነው። ዕቅዳችን ውስጥ በምትኩ የገባው የልጆች ዘላለማዊ ጫካ የተባለው ቦታ ነው። ታሪኩን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ስዊድን ውስጥ አንድ የትንሽ መንደር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስለ ዝናብ ደኖች መመናመን ሰሙ። አንድ ልጅ "ለምን አንገዛውም?" አለ። ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የሌሎች አገሮች ልጆችም ተከተሏቸው። ዛሬ ከ22 ሺህ ሄክታር በላይ ሆኗል፤ በአገሪቱ ካሉት የግል ጥብቅ ደኖች ትልቁ ነው። ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ በጫካው ውስጥ የምትራመደው እንደ ባለቤት ነበር። ማታ በባትሪ ስንዘዋወር የተኛ ወፍና ስሎዝ የሚባለውን ዛፍ ላይ የሚኖር ዝግተኛ እንስሳ አየን። ስሎዝ ከዛፍ የሚወርደው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ለመጸዳዳት ብቻ ነው። ትንሹ ከጉዞው ሁሉ አጥብቆ የያዘው ይህንን ነው።

ይሁንና ትልቋ በገመድ መንሸራተቱ ስለቀረባት ቅር አላት። ለስድስት ዓመት ልጅ ማስቀረታቸው ልክ ነው። ለ11 ዓመቷ ግን ግማሽ ቀን ከአባቷ ጋር ለይተው ቢይዙላት ምን ነበረበት? ድርጅቱ ሁሉንም ነገር የሚለካው በትንሹ ልጅ አቅም ነው። የልጆቻችሁ ዕድሜ የተራራቀ ከሆነ ይህን ገና በመጀመሪያው ስልክ አንሱባቸው።

ወደ ዋና ከተማዋ ሳን ሆሴ ስንመለስ ሳርቺ ላይ ቆምን። የበሬ ጋሪ የሚሠሩና የሚቀቡ ሰዎች ከተማ ናት። ድሮ ቡና ከመሃል አገር ተነስቶ ፓስፊክ ዳርቻ እስኪደርስ በእነዚህ ጋሪዎች ከ10 እስከ 15 ቀን ይፈጅ ነበር። ጋሪው ሲሄድ መንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ብረት ይደውላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ድምጽ ነበረው። ልጆቹ ብሩሽ ተሰጥቷቸው ትንሽ ጎማ ቀቡ።

ስለ ክፍያው አንድ ነገር ልበል። ድርጅቱ ለዕቅዱ የሚያስከፍለው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ የሆቴሉንና የመኪናውን ሒሳብ ለየብቻ ያሳያል። ስለዚህ ቦታ ሲቀንሱ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ኮሚሽን ላይ የሚኖር አቃጅ "ይቅርባችሁ" ለማለት ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ። ከመፈራረማችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ። በጉዞው ላይ የሰጡን ስልክ በማንኛውም ሰዓት ይነሳ ነበር፤ የመቀመጫውን ችግር የፈታውም እሱ ነው። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ልጆች ላሉት፣ እንስሳ ለሚወድ ቤተሰብ እመክረዋለሁ። ግን ከመኪና ጉዞዎቹ አንዱም ከአራት ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የልጁ ቁመትም ለመኪና አከራዩ በጽሑፍ እንዲደርሰው ውሉ ላይ አስገቡ።