ብራያንት ወይስ ሴባን? የአላባማ ክርክር

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (የኛ ኳስ አይደለም፣ ያ በእጅ የሚያዘው) የሚያይ ሰው የአላባማ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሳይሰማ አይቀርም፣ እዛ ደሞ ስለ ሁለት የቀድሞ አሰልጣኞች የማያልቅ ጭቅጭቅ አለ፦ ቤር ብራያንት ይበልጣል ወይስ ኒክ ሴባን? ሁለቱም ለአላባማ 6፣ 6 የአገር ሻምፒዮና ዋንጫ ነው ያመጡት።

ብራያንት ከ1958 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. አሰልጥኖ 232 ጨዋታ አሸንፏል፣ ያቺ ቼክ ኮፍያው ራሷ የቡድኑ ምልክት ሆናለች። ግን ያኔ ሻምፒዮን የሚለየው በድምፅ ነበር፤ በ1973 አሰልጣኞቹ ድምፅ ሰጥተው ሻምፒዮን ካሉት በኋላ በመጨረሻው ጨዋታ በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን 24 ለ 23 ተሸነፈ፣ ዋንጫው ግን እስካሁን ይቆጠርለታል ሃሃ። በዛ ላይ እስከ 1970 ድረስ ዋናው ቡድን ነጭ ብቻ ነበር፣ ይሄን ዘሎ ማለፍ አይቻልም።

ሴባን በ2007 መጣ፣ 17 ሲዝን ሰርቶ ሄደ። የሱን ድፍረት ለማየት የጃንዋሪ 2018ቱን ፍጻሜ እዩ፦ በጆርጂያ ቡድን 13 ለ 0 እየተመራ እረፍት ላይ ቋሚውን ኳስ ወርዋሪ (ኳርተርባክ) ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ ገና አንደኛ ዓመት የሆነውን ቱዋ ታጎቫይሎዋን አስገባ፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ ልጁ መጀመሪያ ተይዞ 16 ያርድ ወደ ኋላ ወደቀ፣ እኔ አለቀ ብዬ ነበር፣ ቀጥሎ ግን 41 ያርድ ወርውሮ ለዴቮንታ ስሚዝ ሰጠውና 26 ለ 23 አለቀ።

ለኔ ሴባን ነው። የብራያንት ሰዎች ይናደዱ እንግዲህ።